ሌላው እንዲከተል ስንት ቤተሰብ መተው አለበት? ስለ ጎጂ ልማድ ለቀረበ ጥያቄ የሒሳብ ሞዴል የሚሰጠው ምላሽ

የጥያቄዎ ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። በአንድ ወረዳ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ይሠራሉ፤ የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት ለዓመታት ትምህርት ሲሰጥ ቆይቷል፤ በቅርቡ ባካሄዳችሁት መጠይቅ ከአሥር ሰው ስምንቱ ልማዱን እንደማይደግፍ ተናግሯል፤ ሆኖም ሴት ልጆች ዛሬም ይገረዛሉ። በአንድ ሥልጠና ላይ ደግሞ «ከማኅበረሰቡ 25 በመቶው ከተለወጠ የቀረው በራሱ ይከተላል» ሲባል ሰምተዋል። ይህ ቁጥር በሒሳብ የተረጋገጠ መሆኑን፣ ከሆነም በአንድ ቀበሌ ስንት ቤተሰብ ማሳመን እንደሚበቃ ጠይቀዋል።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ አንድ ማኅበረሰብ ከተወሰነ ነጥብ በኋላ በፍጥነት የሚዞርበት ሁኔታ በሒሳብም በታሪክም የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ያ ነጥብ ለሁሉም ቦታ የሚሠራ አንድ ቁጥር የለውም። የሚወሰነው በሁለት ነገሮች ነው፤ አንደኛው ቤተሰቦች ልማዱን ለመተው የሚጠብቁት የሰው ብዛት በመካከላቸው እንዴት እንደተሰራጨ ሲሆን፣ ሁለተኛው ልጆቻቸውን ከማን ጋር እንደሚያጋቡ ነው። ስለዚህ በአንዱ ቀበሌ አምስት ቤተሰብ ሊበቃ፣ በአጎራባቹ ግን ሃምሳውም ላይበቃ ይችላል። ይህን ልዩነት አስቀድሞ ለማየት የሚያስችል፣ በወረቀትና በእርሳስ የሚሠራ ስሌት ስላለ ረዘም አድርጌ አስረዳለሁ።

መጠይቃችሁ ያገኘው «ስምንት ከአሥር» የሚለካው አስተያየትን ነው። አንዲት እናት ግርዛት ጎጂ መሆኑን ከልቧ ልታምን፣ ያም ሆኖ ልጇ እንዳትሰደብና ጠያቂ አጥታ እንዳትቀር ፈርታ ልታስገርዛት ትችላለች። በእምነቷና በድርጊቷ መካከል የቆመው፣ ሌሎቹ ምን ያደርጋሉ የሚለው ግምቷ ነው። ይህን ግምት በቁጥር ለመያዝ የሚያገለግለውን ሞዴል አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1978 አሳትመውታል። በሞዴሉ መሠረት እያንዳንዱ ሰው የራሱ «ደፍ» አለው፤ ደፍ ማለት አንድ ሰው አንድን ነገር ለማድረግ ወይም ለመተው ከእርሱ በፊት ስንት ሰው ሲያደርገው ማየት እንደሚፈልግ የሚገልጽ ቁጥር ነው። ግራኖቬተር የተጠቀሙበት ምሳሌ አደባባይ ላይ የተሰበሰቡ መቶ ሰዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ሰው ደፍ 0፣ የሁለተኛው 1፣ የሦስተኛው 2 እያለ እስከ 99 ይደርሳል። የመጀመሪያው ሁከት ሲጀምር ሁለተኛው ይከተለዋል፤ ሁለቱን አይቶ ሦስተኛው ይጨመራል፤ በዚህ መንገድ መቶውም ይገቡበታል። አሁን ደፉ 1 የነበረውን ሰው ብቻ 2 እናድርገው፤ የመጀመሪያው ሰው ብቻውን ይቀራል። ሁለቱ ስብስቦች የሚለያዩት በአንድ ሰው አንዲት ነጥብ ነው፤ በአስተያየት መጠይቅ ቢለኩ ልዩነታቸው አይታይም፤ ከሩቅ የሚያያቸው ሰው ግን የመጀመሪያውን ስብስብ በጠቅላላ ዓመፀኛ፣ ሁለተኛውን ጨዋ ብሎ ይፈርጃል።

ይህንኑ ወደ እናንተ ሥራ እናምጣው። የሚከተሉት ቁጥሮች ለማስረዳት ያህል እኔ የመረጥኳቸው ናቸው። መቶ ቤተሰብ የሚኖርባት አንዲት ቀበሌ አለች እንበል። አሥሩ ቤተሰቦች ሌላው ተወም አልተወም ልጆቻቸውን አያስገርዙም፤ ደፋቸው 0 ነው። ሃያው አሥር ቤተሰብ ሲተው ካዩ ይተዋሉ። ሌሎች ሃያ 35 ቤተሰብ ካልተወ አይንቀሳቀሱም። አርባው ግማሹ ቀበሌ እስኪተው ይጠብቃሉ። የመጨረሻዎቹ አሥር በምንም ሁኔታ አይተዉም። አሥሩ ቀድሞውንም የተዉ፣ ሰማንያው ደግሞ «ሌላው ቢተው እኔም በተውኩ» ባዮች ስለሆኑ መጠይቅ ሲመጣ አብዛኞቹ «አልደግፍም» ብለው ይመልሳሉ። አሁን እናስላ። አሥሩ ይተዋሉ፤ አሥሩን አይተው ሃያው ይከተላሉ፤ ሠላሳ ሆኑ። ቀጣዮቹ የሚጠብቁት 35 ስለሆነ ሠላሳው አይበቃቸውም፤ ሒደቱ እዚያው ይቆማል። ዘጠና ቤተሰብ ለመተው ፈቃደኛ በሆነበት ቀበሌ ሰባው ማስገረዙን ይቀጥላል ማለት ነው። እናንተ ያያችሁት ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

ከሠላሳው ላይ አምስት ቤተሰብ ቢጨመርስ? ሠላሳ አምስት ይሆናል። አምስቱ የመጡት 35 ከሚጠብቁት ሃያ መካከል ቢሆን የቀሩት አሥራ አምስት ይከተላሉ፤ ሃምሳ ሲሞላ አርባው ይነሣሉ፤ ዘጠና ላይ ይደርሳል። አራት ብቻ ቢጨመር ግን 34 ላይ ቆሞ ይቀራል። አራት ቤተሰብ ያሳመነው ባለሙያ በዓመቱ ግምገማ «ከ30 ወደ 34» ተብሎ ይወቀሳል፤ አምስት ያሳመነው «ከ30 ወደ 90» ተብሎ ይሸለማል፤ በሁለቱ ሥራ መካከል ያለው ልዩነት ግን አንድ ቤተሰብ ነው። ውጤት አልታየም ተብሎ ለማቆም የተቃረበ ሥራ አንድ እርምጃ ሊቀረው እንደሚችል ለአለቆቻችሁ ለማስረዳት ይህ ስሌት ሊጠቅማችሁ ይችላል።

ከዚህ ምሳሌ የሚወጣው ትልቁ ቁም ነገር፣ በእኔ አስተያየት፣ ማንን እናሳምን የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ለሥልጠና የሚጠሩት ቀድሞም ለመስማት የተዘጋጁት ናቸው፤ ጥሪውን ያከብራሉ፣ ይፈርማሉ፣ ሪፖርቱም ያምራል። በምሳሌአችን ደፋቸው 10 የሆነውን ሃያ ቤተሰቦች አንድ በአንድ አሳምናችሁ ብታስፈርሙ «ሃያ ቤተሰብ ተለወጠ» ብላችሁ ትዘግባላችሁ፤ እነርሱ ግን አሥሩን አይተው ያለ እናንተም ይተዉ ስለነበር ቀበሌዋ ያው ሠላሳ ላይ ትቆማለች። ደፋቸው 50 ከሆነው አምስት ቤተሰቦችን ማሳመን ግን፣ ድካሙ ቢበዛም፣ መላውን ቀበሌ ወደ ዘጠና ያደርሳል። ቻርልስ ኤፈርሰን፣ ሶንያ ፎግትና ኤርንስት ፌር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ በሰፊው አሳይተዋል፤ ለመለወጥ የተዘጋጁትን ብቻ መርጦ ማስተማር ወደ ሌላው የሚተላለፈውን ተጽዕኖ ሊያመክነው እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ። ስለዚህ ጥረቱ መጀመር ያለበት ሒደቱ ከቆመበት ነጥብ ቀጥሎ ባሉት ቤተሰቦች ላይ ነው።

አሁን ወደ ቀመሩ እንሂድ። ልማዱን የተዉትን ቤተሰቦች ብዛት በመቶኛ «ረ» እንበለው። ደፋቸው ከረ የማይበልጠውን ቤተሰቦች ድርሻ ደግሞ «ድ(ረ)» እንበለው። ዛሬ ረ ቤተሰብ ከተወ ነገ የሚተወው ድ(ረ) ነው፤ በአጭሩ፣ ቀጣዩ ረ = ድ(ረ)። ሒደቱ የሚያርፈው ድ(ረ) = ረ በሚሆንበት ቦታ ነው። በምሳሌአችን ድ(30) = 30፣ ድ(90) = 90 ስለሆነ ሁለት ማረፊያዎች አሉ። በካሬ ወረቀት ላይ አግድሙን ረ፣ ቁመቱን ድ(ረ) አድርጋችሁ ከታችኛው ግራ ጥግ እስከ ላይኛው ቀኝ ጥግ ሰያፍ መስመር ብታሰምሩ፣ የድ ኩርባ ሰያፉን ከላይ ወደ ታች የሚያቋርጥበት ቦታ የጸና ማረፊያ ነው፤ ጥቂት ቤተሰቦች ወዲያ ወዲህ ቢሉም ሒደቱ ተመልሶ እዚያው ያርፋል። ከታች ወደ ላይ የሚያቋርጥበት ቦታ ደግሞ መዞሪያው ነው፤ በምሳሌአችን 35። እናንተ የምትፈልጉት ቁጥር ይህ ሲሆን፣ የሚገኘው ከራሳችሁ ቀበሌ ኩርባ ብቻ ነው።

አማካይ ደፍን ማወቅ ለዚህ አይበቃም። ግራኖቬተር የመቶ ሰዎች አማካይ ደፍ 25 ሆኖ ስርጭቱ የደወል ቅርጽ ሲኖረው ምን እንደሚሆን አስልተዋል። መደበኛ ልይይቱ፣ ማለትም ደፎቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካው ቁጥር፣ ከ12.2 በታች እስካለ ድረስ ከስድስት ያልበለጠ ሰው ይንቀሳቀሳል፤ 12.2ን በጥቂቱ ሲያልፍ ግን ቁጥሩ ወደ መቶ ይዘላል። አማካዩ ሳይነቃነቅ፣ የሰዎቹ ልዩነት በትንሹ በመስፋቱ ብቻ ውጤቱ እንዲህ ይገለበጣል።

ደፍ ከየት ይመጣል? ቤተሰቡ ከግርዛት ይደርሳል ብሎ የሚያምነውን ጉዳት «ጉ»፣ ሁሉም ሰው ልማዱን በያዘበት ጊዜ ብቻውን ቢተው የሚደርስበትን መገለልና ነቀፋ «ነ» እንበል። ነቀፋው የሚመጣው ካልተዉት ሰዎች ብቻ ስለሆነ፣ ረን በአሥርዮሽ ከወሰድን፣ የሚደርስበት ነቀፋ ነ × (1 − ረ) ይሆናል። ቤተሰቡ የሚተወው ጉ ከዚህ ሲበልጥ ነው፤ ስለዚህ ደፉ 1 − ጉ/ነ ነው። ነ 4፣ ጉ 1 ቢሆን ደፉ 75 በመቶ ይሆናል። ትምህርቱ ጉን ወደ 2 ቢያሳድገው ደፉ 50፣ ወደ 3 ቢያሳድገው 25 ይሆናል። ጉ ከነ ሲበልጥ ቤተሰቡ ማንንም አይጠብቅም። ነቀፋውን መቀነስም ደፉን ያወርደዋል፤ ጉ 1 እንደሆነ ቀርቶ ነ ከ4 ወደ 2 ቢወርድ ደፉ ከ75 ወደ 50 ይወርዳል። አብዛኛው ፕሮግራም ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ ኢንፌክሽንና ስለ ምጥ በማስተማር በጉ ላይ ብቻ ይሠራል፤ ነ ግን ሳይነካ ይቀራል።

በነ ላይ የመሥራት ምሳሌ በአገራችን አለ። ቦጋለች ገብሬ ከእህታቸው ጋር በከምባታ የመሠረቱት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያልተገረዙ ሙሽሮች በብዙ ሕዝብ ፊት እንዲዳሩ ሲያግዝ፣ ሙሽራዋ አለመገረዟን፣ ሙሽራው ደግሞ እርሷን በማግባቱ መደሰቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ይዘው በአደባባይ ታይተዋል። በሞዴሉ ዓይን ሲታይ ይህ ሰርግ ስለ ጤና የጨመረው ዕውቀት የለም፤ ያደረገው «ያልተገረዘች አታገባም» የሚለውን ፍርሃት ሁሉም እያየ መናድ ነው። የእያንዳንዱ ተመልካች ነ በአንድ ቀን ይቀንሳል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እያንዳንዱ ተመልካች ሌላውም ማየቱን ያያል።

ሕጉስ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 የሴት ልጅ ግርዛትን የፈጸመ ሰው ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከአምስት መቶ ብር በማያንስ መቀጮ እንዲቀጣ ይደነግጋል፤ ብልትን መስፋትን የሚመለከተው አንቀጽ 566 ቅጣቱን ያከብደዋል። ቅጣት በቀመሩ ውስጥ ከጉ ጎን የሚቆም ተጨማሪ ዋጋ ስለሆነ ደፍን ያወርዳል፤ ይህ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ድርጊቱ ወደ ሌሊትና ወደ ጓዳ ሲገባ የተወውና ያልተወው አይለዩም። ሰው የሚወስነው በእውነተኛው ረ ሳይሆን በሚገምተው ረ ነው፤ ግምቱን «ግ» ካልነው ቀመሩ ቀጣዩ ረ = ድ(ግ) ይሆናል። አርባ ቤተሰብ በጸጥታ ትቶ ሳለ ጎረቤቱ «ሃያ ቢሆኑ ነው» ብሎ ካሰበ፣ ደፉ 35 የሆነው ሰው አይንቀሳቀስም። እንዲህ ባለ ቦታ አዲስ ሰው ከማሳመን ይልቅ ቀድመው የተዉት ራሳቸውን እንዲገልጹ ማድረግ የበለጠ ፍሬ ይሰጣል።

አሁን ስለሰሙት 25 በመቶ። ቁጥሩ የመጣው ዴሞን ሴንቶላና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ካሳተሙት ሙከራ ይመስለኛል። ከ20 እስከ 30 ሰው ያሉባቸው አሥር ቡድኖች በኢንተርኔት እየተገናኙ ለአንድ ፎቶግራፍ የጋራ ስም እንዲያወጡ ተደረገ፤ ስሙ ከጸና በኋላ ሌላ ስም ይዘው የማይለቁ ሰዎች ወደ ቡድኑ ገቡ። እነዚህ ሰዎች ከ25 በመቶ በታች ሲሆኑ አልተሳካላቸውም፤ ወደዚያ ሲደርሱ ግን ቡድኑ ዞረ። በጥንቃቄ የተሠራ ጥሩ ሙከራ ነው። ሆኖም እዚያ ለፎቶግራፍ ስም መለወጥ የሚያስከፍለው ጥቂት ነው፤ የማንም ልጅ ዕጣ አይወሰንበትም፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር የመገናኘት ዕድሉ እኩል ነው። በእናንተ ቀበሌ ከእነዚህ አንዱም የለም። ሌላ የተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2011 በኮምፒውተር ስሌት ያገኘው ቁጥር 10 በመቶ ነበር። ሁለቱም ቁጥሮች በየራሳቸው መነሻ ግምት ውስጥ ትክክል ናቸው፤ ከዚያ አውጥቶ ለወረዳ ዕቅድ ግብ ማድረግ ግን ስሕተት ነው።

ጋብቻን የሚመለከተው ክፍል ከሁሉም ይልቅ የሚዘነጋው ነው። እስካሁን ቀበሌዋን እንደ ዝግ ደሴት ቆጥረናታል። ከጋብቻዎቹ 70 በመቶው ከሌላ ቀበሌ ሰው ጋር የሚፈጸም ቢሆንስ? በቀበሌዋ ሠላሳ በመቶ ቢተው፣ በውጭ ደግሞ ማንም ባይተው፣ አንድ ቤተሰብ ሊጋባቸው ከሚችሉት መካከል የተወው 0.3 × 30 = 9 በመቶ ብቻ ነው። እንዲያውም ቀበሌዋ በሙሉ በአንድ ድምፅ ብትተው እንኳ 0.3 × 100 = 30 ነው፤ ደፋቸው 35ና 50 የሆነ ቤተሰቦች ቀስ በቀስ ወደ ልማዱ ይመለሳሉ። በአዋጅ ጸድቶ ከጥቂት ዓመት በኋላ የተመለሰ ቀበሌ ካጋጠማችሁ፣ ሕዝቡን በቃሉ አይጸናም ብላችሁ ከመውቀሳችሁ በፊት ሙሽሮቹ ወዴት እንደሚዳሩ እዩ። እርስ በርስ የሚጋቡ ቀበሌዎች ተይዘው 80 በመቶው ጋብቻ በመካከላቸው የሚፈጸም ከሆነና በአንድነት ከተዉ ግን የሚታየው 80 በመቶ ይሆናል፤ ከ50 ደፍ በብዙ ይርቃል። ሃያ ቀበሌ ላይ ሁለት ሁለት ቤተሰብ ከማሠልጠን በሚጋቡ ሦስት ቀበሌዎች ላይ አርባ ቤተሰብ ማሠልጠን ይሻላል፤ ምንም እንኳ ዕቅዱ «የተሸፈኑ ቀበሌዎች ብዛት» የሚል ዓምድ ቢኖረውም።

ይህን ሐሳብ በግርዛት ላይ ያዋሉት የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ጄሪ ማኪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ግርዛትን ከቻይና የእግር ማሰር ልማድ ጋር አነጻጽረው፣ ሁለቱም በጋብቻ የተሳሰሩ ናቸው ሲሉ ተከራክረዋል። በሰሜን ቻይና ቲንግሺየን በተባለው አውራጃ እ.ኤ.አ. በ1889 ከተወለዱ ልጃገረዶች ወላጆች ዘንድ 99 በመቶ ገደማ የነበረው ልማድ በአሥር ዓመት የቀነሰው ወደ 94 ብቻ ነበር፤ በ1919 ግን ጠፍቶ ነበር። ለዘመናት የቆየ ነገር በአንድ ትውልድ ውስጥ አከተመ። ከሠሩት ስልቶች አንዱ ወላጆች የሚገቡት ቃል ነበር፤ የሴት ልጃቸውን እግር እንዳያስሩ ብቻ ሳይሆን፣ ወንድ ልጃቸው እግሯ የታሰረ ሴት እንዳያገባም ቃል ይገቡ ነበር። የቃሉ ሁለተኛ ግማሽ ላልታሰረችው ልጅ የሚያገባት ሰው አስቀድሞ ያዘጋጅላታል፤ በእኛ ቀመር «ነ»ን በቀጥታ ይቀንሳል። በሴኔጋል ደግሞ የማሊኩንዳ ባምባራ ሴቶች እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1997 መተዋቸውን በይፋ አወጁ። የአንድ ሌላ መንደር ኢማም ደምባ ጃዋራ ግን መንደራቸው ከምትጋባቸው መንደሮች ተነጥላ ልትወስን እንደማትችል ተገንዝበው፣ ዘመዶቻቸው ወደሚኖሩባቸው አሥር ያህል መንደሮች በእግራቸው እየዞሩ መከሩ፤ በየካቲት 1998 አሥራ ሦስት መንደሮች በአንድነት አወጁ። እኒህ አዛውንት ከላይ ያሰላነውን ብዜት ያለ ወረቀት አስልተውታል።

ይሁን እንጂ የጋብቻው ማብራሪያ ለሁሉም አካባቢ እኩል አይሠራም። ኤፈርሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 በሱዳን ጀዚራ ግዛት 45 ማኅበረሰቦችን አጥንተው ነበር፤ አንዲት ልጅ ስትገረዝ እግሯ ላይ ሂና ስለሚደረግላት፣ ትምህርት ሲጀምሩ የሴት ልጆችን እግር በማየት ሰዎች የሚሉትን ሳይሆን የሚያደርጉትን ለኩ። ነገሩ በሙሉ «ሌላው ካደረገ አደርጋለሁ» የሚል ብቻ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ማኅበረሰብ ወይ ወደ ዜሮ ወይ ወደ መቶ መጠጋት ነበረበት። የተገኘው ግን በመካከል ያሉ ሁሉም ዓይነት መጠኖች ናቸው። እኔ ውጤቱን የምረዳው ማኅበራዊ ተጽዕኖ የለም በሚል አይደለም፤ የቤተሰቦች ደፍ እጅግ የተለያየ በሆነበት ቦታ ኩርባው ሰያፉን ብዙ ጊዜ ወይም በመካከል ላይ ሊያቋርጥ ስለሚችል፣ አንድ ትልቅ ዝላይ መጠበቅ አይገባም በሚል ነው።

በእኛም አገር ልዩነቱ ሰፊ ነው። በከምባታና በአንዳንድ የኦሮሚያ አካባቢዎች ግርዛት ወደ ጋብቻ ዕድሜ ይቀርባል፤ በአማራና በአፋር ክልሎች በአብዛኛው በሕፃንነት ይፈጸማል። በሕፃንነት ሲሆን ጋብቻው ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ይርቃል፤ ውሳኔው በእናትና በአያት እጅ ነው፤ የሚያውቁትም አራሷን ሊጠይቁ የሚመጡ ጥቂት ሴቶች ናቸው። እንዲህ ባለ ቦታ ረን በመላው ቀበሌ መቁጠር ትርጉሙ ይሳሳል፤ መቆጠር ያለባቸው እናቲቱን የሚያርሷት ሴቶች ናቸው፤ በአደባባይ ከሚደረገው ሰርግ ይልቅም በእርግዝና ክትትል ጊዜ ከአያትየዋ ጋር የሚደረገው ንግግር ወደ ውሳኔው ይቀርባል። የእናንተ ወረዳ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሳይለዩ የሌላውን ዘዴ እንዳይወስዱ አደራ እላለሁ።

ለመለካት የሚከተለውን እመክራለሁ። ከሁሉ በፊት በምትለኩት ቁጥር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች የተገረዙት እ.ኤ.አ. በ2000 80 በመቶ፣ በ2005 74፣ በ2016 65 ነበሩ። ይህ አኃዝ ከዓመታት በፊት የተወሰኑ ውሳኔዎችን ያጠራቅማል፤ በ2016ቱ ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት 47 በመቶ ሲሆን ከ45 እስከ 49 ባሉት 75 በመቶ መሆኑ ይህንኑ ያሳያል። በቀመሩ ውስጥ የሚገባው ረ ግን በዚህ ዓመት ለውሳኔ የደረሱ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ያደረጉት ነው።

ቀጥሎ ደፍን መጠየቅ ይመጣል። «ግርዛትን ይደግፋሉ?» የሚለውን ጥያቄ ትታችሁ አሥር ፍሬ ባቄላ ከተጠያቂው ፊት አስቀምጡና «እነዚህ ከእናንተ ጋር ሊጋቡ የሚችሉ አሥር ቤተሰቦች ናቸው፤ ስንቱ ሲተዉ ነው እርስዎም የሚተዉት?» ብላችሁ ፍሬዎቹን ወደ አንድ ጎን እንዲገፉ አድርጉ። ከዚያ «አሁን ስንቱ የተዉ ይመስልዎታል?» በሉ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ «ድ»ን፣ ሁለተኛው «ግ»ን ይሰጣችኋል። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ያለ ችግር ይመልሰዋል። ከመንግሥት ቢሮ የመጣ ጠያቂ ፊት ሰው ሕጉን አስቦ መናገሩ አይቀርም፤ ስለዚህ የመጠይቁን ስምንት ከአሥር በተዘዋዋሪ መንገድ መፈተሽም ያስፈልጋል። ተጠያቂዎቹን በዕጣ ለሁለት ክፈሉ፤ ለአንዱ ወገን አራት ተራ ዐረፍተ ነገሮችን አንብቡና የትኞቹን ሳይሆን ስንቱን እንደሚስማማባቸው ብቻ ይናገር፤ ለሌላው ወገን በእነዚያው ላይ «ሴት ልጅ መገረዝ አለባት» የሚል አምስተኛ ጨምሩ። የመጀመሪያው ወገን አማካይ 2.1፣ የሁለተኛው 2.5 ቢሆን ልዩነቱ 0.4 ነው፤ ማንም ሰው በግሉ ሳይጋለጥ 40 በመቶው ልማዱን እንደሚደግፍ ታውቃላችሁ። ቀጥተኛው መጠይቅ 20 ብሎ ከነበረ ችግሩ የነቀፋ ፍርሃት ብቻ እንዳልሆነ፣ በጉ ላይም ገና ብዙ እንደሚቀር ያሳያል።

ከቀበሌው መዝገብ ወይም ከሽማግሌዎች ቃል ያለፉትን አምስት ዓመታት ጋብቻዎች ቆጥራችሁ የሚጋቡትን ቀበሌዎች በአንድ አሰባስቡ፤ የ«ድ»ን ኩርባ ለዚያ ስብስብ በአንድነት ሳሉ። ኩርባው ከሰያፉ በታች የሚወርድበትን ክፍተት ስፋት አንብቡ፤ ስፋቱ በአንድ ጊዜ ማሳመን ያለባችሁን የቤተሰብ ብዛት ይነግራችኋል። በአንድ ጊዜ የምልበት ምክንያት አለኝ፤ አምስቱ ቤተሰቦች በአምስት ዓመት አንድ በአንድ ቢመጡ የመጀመሪያው ብቻውን ነቀፋውን ተሸክሞ አምስተኛው ሳይደርስ ሊመለስ ይችላል። ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ የአዋጅ ቀን ቁረጡ። ሰፊ ከሆነ ግን፣ ዕቅዱ ቢያስገድድም፣ የአዋጁን ቀን አዘግዩና ትምህርቱን ቀጥሉ፤ ከስድስት ወር በኋላ በባቄላው ድጋሚ ለኩ። ጥቂት ሰው ብቻ የቆመበት አዋጅ የታዘበውን ሁሉ «የተዉት እነዚህ ብቻ ናቸው» ብሎ ያሳምነዋል፤ «ግ»ን ያወርደዋል፤ ለቀጣዩ ሙከራ የሚያስፈልገውንም የቤተሰብ ብዛት ይጨምረዋል።